ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ባልዲ አስቀምጥ

የፍሳሽ ቧንቧውን ክዳን ሩብ ዙር እንዳዞርኩት ፍሳሹ መጣ። ጓንት አድርጌያለሁ፤ ጫማዬ ግን ሸራ ነበር። 3 ሊትር ይሁን 4 አልለካሁትም። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ቀስ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይሄ የሆነው ከካምፕ ስንመለስ፣ ፍሳሽ የሚደፋበት ቦታ ላይ ነው። እዚህ ዳምፕ ስቴሽን ይሉታል፤ እኛ ቤት «መድፊያው» ነው የምንለው። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ሆነው አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ። ባለቤቴ ስልኳን እያየች ያላየች መስላለች። ይሄንን ውለታዋን አልረሳውም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላምጣው። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምንኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ትሬለር ገዛን። ትሬለር ስል የጭነት መኪና ተሳቢ እንዳይመስላችሁ፤ በፒክአፕ የሚጎተት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያለው ባለጎማ ቤት ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ከገጠር ወጥተህ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደህ፣ አሁን ጫካ ለማደር ቤት ገዛህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ሻጩ ሰውዬ መብራቱን አበራልኝ፣ ምድጃውን ለኮሰልኝ፣ ፍሪጁን ከፍቶ አሳየኝ። «ሁሉም ይሠራል» አለ። እኔም ጣሪያውን አየሁ፣ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ጎማ በእግር መምታት ምን እንደሚነግር እስካሁን አላውቅም፤ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን። ከስር ግን አላየሁም። ጎንበስ እንኳን አላልኩም።

ከስሩ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ትሬለሩ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው ግራጫ ይባላል፤ የእቃ ማጠቢያውና የሻወሩ ውሃ እዚያ ይገባል። ሦስተኛው ጥቁር ይባላል፤ እሱን ማስረዳት አያስፈልግም። ግራጫውና ጥቁሩ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቫልቭ አላቸው። ከቫልቮቹ በኋላ ሁለቱ ቧንቧዎች ይገናኙና በአንድ ባለ 3 ኢንች አፍ ይወጣሉ። አፉ ላይ እየተጠመዘዘ የሚገጠም ክዳን አለ። በቃ።

ቫልቩ ራሱ ያን ያህል የተራቀቀ ነገር አይደለም። እንደ መሳቢያ የሚገባና የሚወጣ ስስ ሳህን መሰል ነገር አለው፤ እኔ ምላሱ እለዋለሁ። እጀታውን ስትስብ ምላሱ ይወጣና መንገዱ ይከፈታል፤ ስትገፋው ይዘጋል። ከምላሱ ግራና ቀኝ ክብ ክብ ጎማዎች አሉ። ይሄ ሁሉ በሁለት ቧንቧ አንገት መሃል ተሰንጎ በ4 ቡሎን ታስሯል። ሽንት ቤትህንና ጫማህን የሚለያየው እንግዲህ ሁለት ቀጭን ጎማ ነው።

መጥፎው ነገር ቫልቩ ሲያፈስ አለማየትህ ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ አንዲት ጠብታ ውጭ አትወጣም። ከቫልቩ ያመለጠው ሁሉ ቧንቧው ውስጥ፣ ከክዳኑ ጀርባ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንድ ቀን ተናድጄ አሰላሁት። ባለ 3 ኢንች ቧንቧ 1 ሜትር ሲረዝም 4 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። የእኛ ከጥቁሩ ቫልቭ እስከ ክዳኑ 1 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሙሉ፣ እሁድ ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይቆይና እሁድ ማታ ክዳኑን ስትከፍት በአንዴ ይሰጥሃል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ጉዳይ ሸሸሁት። መጀመሪያ ቦት ጫማ ገዛሁ። ቀጥሎ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት። ችግሩን ሳይሆን ልብሴን ነበር የማሻሽለው። ከዚያ ታንከር ውስጥ የሚጨመር ቫልቭ ማለስለሻ ፈሳሽ ገዛሁ። እውነት ለመናገር እጀታው ቅቤ ሆነልኝ፤ በአንድ ጣት ይሳባል። ማፍሰሱ ግን እንደነበረ ነው። ለካ እሱ የደረቀ እጀታ ማላሻ እንጂ የተበላ ጎማ መጠገኛ አይደለም። ደግሞ አንድ ሰው በረዶ ታንከር ውስጥ ጨምረህ ንዳ፣ በረዶው እየተንገጫገጨ ውስጡን ያጥበዋል አለኝ። ሁለት ከረጢት በረዶ በሽንት ቤቱ ቀዳዳ አስገብቼ ነዳሁ። በረዶው ቀለጠ። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ሠርቷል። ታንከሩን አጥቦ በንጹህ ውሃ ግጥም አድርጎ መሙላት፣ ከዚያ ቫልቩን በኃይል ከፍቶ መልቀቅ፣ መዝጋት፣ እንደገና መሙላት። ምላሱ ሲዘጋ ጫፉ የሚያርፍበት ጎድጓዳ መስመር አለ። እዚያ ውስጥ ሶፍት ወይም ሌላ ነገር ከተሰነገ ምላሱ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። ውሃው ገፍቶ ካወጣው ማፍሰሱ ይቆማል። እኔ ሦስቴ ደጋግሜው ለአንድ ወር ያህል ደህና ሆነ። ከዚያ ተመለሰ። የእናንተ በዚህ ከዳነ ግን ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ ሂዱና ቡናችሁን ጠጡ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር ነው ያደግኩት። ጀሪካን የመሸከም ልምድ እጄ ላይ አለ። ውሃ ሲባክን ሳይ ያመኛል። ስለዚህ ልጆቹን «ትንሽ ብቻ ልቀቁ፣ ትንሽ ብቻ» እያልኩ አሠለጠንኳቸው። ጥቁሩ ታንከር ግን ቁጠባ አይወድም። ውሃ ካነሰው ነገሩ ይወፍራል፣ ይጋገራል፣ ቫልቩ ጋ ሄዶ ይለጠፋል። አሁን ከደፋን በኋላ ገና ጉዞ ሳንጀምር ሁለት ባልዲ ውሃ እናስገባለታለን። እጄ ግን አሁንም ይሳሳል።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። በመጀመሪያው ዓመት፣ የራሱ የፍሳሽ መስመር ባለው ካምፕ ውስጥ ለአምስት ቀን ቆመን፣ የጥቁሩን ቫልቭ ክፍት አድርጌ ተውኩት። ክፍት ከሆነ ምን ይጠራቀማል ብዬ ነው። ፈሳሹ ወርዶ ሄደ፤ ፈሳሽ ያልሆነው ቀረ፣ ደረቀም። ስንሄድ ቫልቩን ለመዝጋት ብገፋው አልገባም። ገፋሁት። በጣም ገፋሁት። ጎማውን ያን ቀን የጎዳሁት ይመስለኛል። ትክክለኛው መንገድ ጥቁሩን ዘግቶ መቆየት፣ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሞላ በአንዴ መልቀቅ፣ ከዚያ ግራጫውን ከኋላው ለቅቆ ጎማውን በሳሙናው ውሃ ማጠብ ነው። ጥቁር በፊት፣ ግራጫ በኋላ። ልጄ እንደ መዝሙር ትለዋለች።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ሌሎች የሐበሻ ቤተሰቦች አብረውን ካምፕ ሲመጡ «የእኛ ሽንት ቤት አይሠራም» እል ነበር። የካምፑን መጸዳጃ አሳያቸዋለሁ። ሰው በበዛ ቁጥር ታንከሩ ይሞላል፤ በሞላ ቁጥር ክዳኑ ጋ የሚጠብቀኝ ይበዛል። ሽሮ አቅርበን፣ ቡና አፍልተን፣ ሽንት ቤት ስንከለክል ምን ዓይነት እንግዳ ተቀባይ እንደሆንን አስቡት። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ በሽታ ሁሉ እናወራለን፤ ይሄን ግን ማንም ለማንም አያወራም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ እናቴ መጣች። ኤስቲስ ፓርክ ወሰድናት። ከፍታው ወደ 2,300 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። ማታ ጋቢዋን ደርባ ወጣችና «እንጦጦን ይመስላል» አለች። ደስ አላት። ጫካ ማደር የሚለውን ነገር ለጊዜው ተወችው።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ቦት ጫማዬን አድርጌ ወደ ትሬለሩ ጎን ተሸሎክልኬ ሄድኩ። ክዳኑን ቀስ ብዬ በጥቂቱ ላላ አድርጌ የተጠራቀመውን በጣሳ ልቀበል ነው ሐሳቤ። በጣሳ! ቀና ስል እናቴ ከፊቴ ቆማለች።

«ምን ትደብቃለህ?»

«ምንም፣ እማዬ። ቧንቧ ነው።»

ጎንበስ አለች። በዚያ ዕድሜዋ እኔ ያላልኩትን ጎንበስ አለች። አየችው። ሄደችና እቃ የምናጥብበትን ባልዲ ይዛ መጣች፣ ከስሩ አስቀመጠችው። «ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ባልዲ አስቀምጥ። ይሄን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባሁህ?» ከዚያ ደግሞ «ቀዳዳው የት ነው?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

እቃ ማጠቢያው ባልዲ ያን ቀን ሥራ ቀየረ። አዲስ ገዛን።

ቤት እንደተመለስን አንድ ነገር ወዲያው ገዛሁ፦ አፉ ላይ በክዳኑ ቦታ የሚጠመዘዝ ተጨማሪ ቫልቭ። ፍሳሹን ወደ መድፊያው የሚወስደውን ቱቦ መጀመሪያ እሱ ላይ ትገጥምና ከዚያ ትከፍተዋለህ፤ የተጠራቀመው መሬት ላይ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ይገባል። 20 እና 30 ዶላር መሃል ነው ያወጣሁት። የትሬለር ሰው ሁሉ ይግዛው እላለሁ፣ ቫልቩ ባያፈስም። ግን ማስታገሻ ነው። ውስጥ ያለው ቫልቭ እያፈሰሰ ነው፤ ቧንቧው እንደሞላ ነው። እኛ አገር ደግሞ ክረምት አለ፤ የኮሎራዶ ክረምት። ቧንቧው ውስጥ የቆመ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ጥቅምት ሳይገባ መጠገን ነበረበት።

ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ ቧንቧ ሲሠሩ ኖረው እዚህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሙያቸው እጃቸው ላይ አለ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ግን የለም። ከቅዳሴ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «የትኛው ነው የሚያፈሰው?»

«ጥቁሩ ነው፣ ጋሼ።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፤ ግን…»

«ግን የለም። አይተህ ና።»

እንዴት ነው የሚታየው? ቫልቮቹ ከታች በፕላስቲክ ሰሌዳ ተሸፍነዋል፤ ሁለቱም ወደ አንድ አፍ ነው የሚወርዱት። መላውን ያመጣችው የ9 ዓመት ልጄ ነች፣ እንቁላል ልትቀባበት በገዛችው የምግብ ቀለም። ሁለቱንም ታንከር ደፍተን አጠብን፤ ጥቁሩን በንጹህ ውሃ ሞልተን ሰማያዊ፣ ግራጫውን ቀይ ቀለም ጨመርንበት። አደረ። ጠዋት ባልዲውን አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩ። ሐምራዊ ወጣ። ልጄ ጮቤ ረገጠች። እኔ ሁለቱም ቫልቭ እንደሚያፈስ የገባኝ ከእሷ በኋላ ነው።

ሁለት ቫልቭ ከነጎማቸው ገዛሁ፦ ለጥቁሩ ባለ 3 ኢንች፣ ለግራጫው ባለ 1 ኢንች ተኩል። ሁለቱም ተደምረው 60 ዶላር አልሞሉም። ሁለት ዓመት የሸሸሁት 60 ዶላር ነው ማለት ነው፤ ቦት ጫማው ብቻውን ከዚያ አይተናነስም።

ጋሼ ቅዳሜ መጡ፣ ቱታቸውን ለብሰው። የታችኛውን ሰሌዳ በምላጭ በሦስት ጎን ቆርጠን እንደ በር ከፈትነው። ከላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ስፖንጅ እርጥብ ነው፤ ወደ ፊቴ ወረደ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሽታ አልገልጸውም። በረኪና፣ ጓንት፣ መነጽር ነበረን፤ አፌን ግን ዘግቼ መቆየት ነበረብኝ።

ቡሎኖቹ 4 ናቸው። የሦስቱ ዳዶ ወጣ። አራተኛው ዝጎ አልፈታ አለ፤ ጋሼ በፒንሳ ይዘው አንዴ ጠመዘዙት፣ ቀጭ አለ። «ተፈታ» አሉ። አሮጌው ቫልቭ ሲወጣ ያ ጎድጓዳ መስመር ሲሚንቶ በመሰለ ነገር ተሞልቷል። መሃሉ ላይ የእርጥብ ሶፍት ቁራጭ ነበር። ከነዚያ ሽንት ቤት ቢጣሉ ችግር የለም ተብሎ ማሸጊያቸው ላይ ከሚጻፍባቸው። ጎማው ደግሞ ታች በኩል የጥፍር ያህል ተቆርጧል። ጋሼ በእጃቸው ያዙትና በዝምታ አሳዩኝ።

የመጀመሪያውን ቫልቭ እኔ ልግጠም አልኩ። ለጎማው ብዬ የመኪና ግራሶ አምጥቻለሁ። ጋሼ ከእጄ ነጠቁኝ። «ይሄ ጎማ ይበላል፣ ያሳብጠዋል። ሲሊኮን ነው የሚቀባው።» እሺ፣ ሲሊኮን። ጎማዎቹን አንገቶቹ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቫልቩን መሃል ገፍቼ አስገባሁ፣ አጠበቅሁ። ውሃ ሞላን። ከአሮጌው በባሰ አፈሰሰ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከየትም። ጋሼ ከልባቸው ሳቁ። መኪና ማቆሚያው ላይ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ጎማው ታጥፎ ገብቶ ነው። በሁለቱ አንገቶች መሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ቫልቩን ስትገፋው የጎማውን ከንፈር ይዞት ይሄዳል፤ ከውጭ ስታየው ግን ደህና ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው አዲሱ ቫልቭ የማይረባ ነው ብሎ ሌላ የሚገዛው። ጋሼ ሁለት የእንጨት ሽብልቅ ጠረቡ፣ አንገቶቹን ጥቂት ሚሊሜትር ፈልቀቅ አደረጓቸው፣ ጎማውን በደንብ ሲሊኮን ቀብተው ከአንገቱ ጋር አጣበቁት፣ ቫልቩን ምላሱ እንደተዘጋ ቀስ ብለው ሰደዱት። ከዚያ ጣታቸውን በዙሪያው አዞሩ፣ እንደ ዓይነ ስውር። ቡሎኖቹን በጣት ብቻ አስገቡ። ከዚያ በመፍቻ አንዱን ትንሽ፣ ከሱ ትይዩ ያለውን ትንሽ፣ እያቀያየሩ። «ጨርሰህ አታጥብቅ። ፕላስቲክ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ምላሱም ይያዛል።» የግራጫውን እኔ በዚሁ መንገድ ገጠምኩት። እያንዳንዷን ነገር እያዩ፣ ሳይናገሩ።

ከስር ተጋድመን ውሃው እስኪሞላ ስንጠብቅ አንድ ያነበብኩትን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 እና 1960 ዋሊ ባያም የሚባለው የኤርስትሪም ትሬለር መሥራች 41 ትሬለሮች አስከትሎ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ተጉዟል፤ መንገዱም በኢትዮጵያ ነበር፣ አዲስ አበባ ገብተው ጃንሆይን አግኝተዋል። እነዚያ ብርማ ትሬለሮች በዚያን ጊዜው የኬንያ ድንበር ጭቃ ውስጥ እየተጎተቱ ማለት ነው። ጋሼ ጣሪያውን፣ ማለቴ የትሬለሩን ሆድ፣ እያዩ ቆዩና «41ዱ ሲያፈሱ ከስር የሚገባው ማን ነበር?» አሉኝ።

አንድ ሌሊት ሁለቱም ታንከር ሞልቶ አደረ። ከስር ካርቶን ዘርግተናል። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ደረቅ። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው፤ «እሺ» ብለው ዘጉት። ገንዘብ አልቀበል ብለውኛል፤ ዶሮ ወጥ ላይ ግን አልተከራከሩም።

በዚህ ዓመት ግንቦት የመጀመሪያውን ጉዞ ወጣን። ሁለት ቤተሰብ አብሮን ነበር፣ ከነልጆቻቸው። ሽንት ቤቱን ሁሉም ተጠቀመ። እሁድ ማታ መድፊያው ላይ ባልዲውን አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩ። ሦስት ጠብታ። ሦስት፤ ቆጠርኳቸው። ቀለማቸው ሳሙና ነው፣ የግራጫው ነው፤ እኔ የገጠምኩት።

ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ትሬለሩን፣ ልጆቹን፣ ተራራውን አሳየኋት። ስልኩን ወደ ታች ዝቅ እንዳደርግ አዘዘችኝ። ባልዲው ከቦታው ነበር።

«ተሠራ አላልከኝም?»

«ተሠርቷል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ባልዲው ምን ይሠራል?»

ሁለቱ ተጨማሪ ጎማዎች ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አሉ፣ ከሽብልቆቹ ጋር። ቅዳሜ ዝናብ ከሌለ ከስር እገባለሁ።